ሙሽራውን በሚዜው፦ ምክትል መምረጥ የአሜሪካን ፕሬዝዳንታዊ ዘመቻ ምን ያደርገዋል?

ሁለት የአፍ ወለምታዎችን በመንገር ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ በየመሃሉ እየመነዘርኩ አላደክማችሁም።

የመጀመሪያው ኦገስት 2008 ነው። ቦታው ስፕሪንግፊልድ፣ ኢሊኖይ። ባራክ ኦባማ አብሯቸው የሚወዳደረውን ሰው ለሕዝብ ሊያስተዋውቁ መድረክ ላይ ቆመዋል። ሕዝቡ ይጮኻል። ኦባማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ቀጣዩ ፕሬዝዳንት...» ይሉና ቶሎ ነቅተው «ቀጣዩ ምክትል ፕሬዝዳንት፣ ጆ ባይደን!» ብለው ያስተካክላሉ።

ሁለተኛው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያውም ኦገስት ላይ። ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ። ከመድረኩ ጀርባ ጡረታ የወጣ ግዙፍ የጦር መርከብ ቆሟል። የመርከቡ ስም ዊስኮንሲን። የሪፐብሊካኑ እጩ ሚት ሮምኒ የዊስኮንሲኑን የምክር ቤት አባል ፖል ራያንን እያስተዋወቁ ነው። እሳቸውም «ቀጣዩ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት» ብለው ቁጭ አሉ። ተመልሰው ማይክሮፎኑን መያዝ ግድ ሆነባቸው። አንዳንዴ እሳሳታለሁ፣ በዚህ ሰው ግን አልተሳሳትኩም ብለው በቀልድ አለፉት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እነዚህን ሁለቱን ግን ማሸትም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሁለቱም ሰዎች ሳያስቡት እውነቱን ነው የተናገሩት። ምክትል ሲመረጥ ሕዝቡ በልቡ የሚጠይቀው ጥያቄ «ይሄ ሰውዬ ነገ ፕሬዝዳንት ቢሆንስ?» የሚል ነው። የኦባማ ወለምታ ከ12 ዓመት በኋላ እውነት ሆነ። የሮምኒው ግን አልያዘም።

ዛሬ የማወራው ስለዚህ ምርጫ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁና ካልተስማማችሁ እየሰማችሁ ተከራከሩኝ። እኔ እንደማየው ምክትሉ በኪሱ ድምፅ ይዞ አይመጣም። ይዞ የሚመጣው ስለመረጠው ሰው የሚያወራ ወሬ ነው። እጩው ገና ሥልጣን ሳይይዝ፣ በሕዝብ ፊት የሚወስነው የመጀመሪያው ትልቅ ውሳኔ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ቃል ነው። ታክስ እቀንሳለሁ፣ ጦርነት አቆማለሁ፣ ይላል። ይሄኛው ግን ሥራ ነው። ተሠርቶ ይታያል።

ምክትሉን እንደ ሚዜ አስቡት። ለሚዜው ብሎ ሠርግ የሚሄድ ሰው የለም። ሚዜው ጠጥቶ ከወደቀ ግን ሠርጉ የሚታወሰው በሱ ነው። «እንዲህ ያለውን ሰው ሚዜ ያደረገው ምን አስቦ ነው?» የሚለው ሐሜት ደግሞ የሚያርፈው ሙሽራው ላይ ነው።

አሁን ወደ ካርታው እንሂድ።

በየአራት ዓመቱ ጁላይና ኦገስት ላይ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ካርታ ዘርግተው ይቀመጣሉ። እዚያ አገር ፕሬዝዳንት የሚመረጠው በጠቅላላው ሕዝብ ድምፅ ብዛት ሳይሆን በግዛት በግዛት በሚቆጠር የወኪል መራጮች ድምፅ ነው። ዛሬ ጠቅላላው 538 ነው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሁለት ግዛቶች በቀር በሁሉም ቦታ ያሸነፈው ጠቅልሎ ይወስዳል። ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ይመስላል። ከምትፈልገው ግዛት ሰው ምረጥ፣ ግዛቱን ከነወኪሎቹ ውሰድ። ይሄ ሐሳብ ከመደጋገሙ የተነሳ እንደ ሕግ ሆኗል።

እስቲ መዝገቡን እንየው። በ1984 ዋልተር ሞንዴል የኒው ዮርኳን ጄራልዲን ፌራሮን መረጡ። በትልቅ ፓርቲ እጩነት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ኒው ዮርክ ወደ ሮናልድ ሬገን ሄደች። በ1988 ማይክል ዱካኪስ የቴክሳሱን ሴናተር ሎይድ ቤንትሰንን መረጡ። ቴክሳስ ወደ ታላቁ ጆርጅ ቡሽ ሄደች። በ2004 ጆን ኬሪ የሰሜን ካሮላይናውን ጆን ኤድዋርድስን ያዙ፤ ሰሜን ካሮላይናን አጡ። ያ የጦር መርከብ የተገተረላቸው ፖል ራያንም ዊስኮንሲንን አላመጡም። ከምክትልም አልፈን ዋናዎቹን ብናይ፣ አል ጎር በ2000 የራሳቸውን ግዛት ቴነሲን ተሸንፈዋል። የቴነሲ 11 ድምፅ ቢገባላቸው ኖሮ ፍሎሪዳ ላይ ያ ሁሉ የድምፅ ቆጠራ ግርግር ባላስፈለገም። ሰውየው ለራሱ ያላመጣውን ግዛት ምክትሉ እንዴት ያመጣለታል?

ይህን ጉዳይ ያጠኑ የፖለቲካ ሳይንስ ሰዎችም የሚያገኙት ውጤት ተመሳሳይ ነው። የትውልድ ግዛት ጥቅም አለ ቢባል እንኳ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይታይም።

«እሺ፣ ኬኔዲና ጆንሰንስ?» የሚለኝ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ 1960 የዚህ ክርክር ምሰሶ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል።

ጆን ኬኔዲ የማሳቹሴትስ ሰው፣ ካቶሊክ፣ የ43 ዓመት ወጣት ነበሩ። ሊንደን ጆንሰን ደግሞ የቴክሳስ ሰው፣ በሴኔቱ የዲሞክራቶች መሪ፣ ምክር ቤቱን ጓዳ ጎድጓዳውን የሚያውቁ። ሁለቱ ለአንድ ወንበር ሲፎካከሩ ከርመው ሎስ አንጀለስ ላይ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ ኬኔዲ አሸነፉ። በማግስቱ ለጆንሰን የምክትልነት ጥያቄ ደረሳቸው። የኬኔዲ ወንድም ሮበርት ነገሩ አልተዋጠላቸውም። የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎችም ተቆጡ። ጆንሰን ግን እሺ አሉ። እሺ ያሉት ደግሞ በጥንቃቄ ነው። የቴክሳስ ሕግ ስለፈቀደላቸው በዚያው ቀን ለሴኔት መቀመጫቸውም ተወዳድረዋል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል ማለት ይሄ ነው። ሁለቱንም አሸነፉ።

ዘመቻው ላይ ጆንሰን በባቡር ሆነው ደቡቡን ከጫፍ ጫፍ ዞሩት። በየጣቢያው እየቆሙ፣ በደቡቦቹ ቅላፄ እያወሩ። ከሁሉ የሚነገረው ግን የዳላስ ታሪክ ነው። ምርጫው ሊካሄድ አራት ቀን ቀርቶታል። ጆንሰንና ባለቤታቸው ሌዲ በርድ አዶልፈስ ወደሚባል ሆቴል ሊገቡ ነው። የሪፐብሊካን ደጋፊዎች መንገዱንም የሆቴሉን አዳራሽም ሞልተውታል። ብዙዎቹ የከተማው ዘናጭ ሴቶች ናቸው። ጮኹባቸው፣ ገፈተሯቸው፣ ተፉባቸው። ጆንሰን ሮጠው አላመለጡም። ባለቤታቸውን ይዘው በዚያ ሕዝብ መሃል ቀስ እያሉ፣ በጣም ቀስ እያሉ ተራመዱ። ካሜራዎች ቀረጹ። በማግስቱ የደቡብ ሰው ጋዜጣ ላይ ያየው ጨዋ ባልና ሚስት ሲዋረዱ ነው። ጆንሰን ምን እያደረጉ እንደነበር በደንብ የገባቸው ይመስለኛል።

ኬኔዲ ቴክሳስን በ46 ሺህ ገደማ ድምፅ ብቻ አሸነፉ። 24 የወኪል ድምፅ። ያለ ጆንሰን ይሄ ይገኝ ነበር ብዬ አልከራከርም። ግን ሒሳቡን ሥሩት። ኬኔዲ በጠቅላላ ያገኙት 303 ነው። 24 ቀንሱ፤ 279 ይቀራል። ያኔ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 269 ነበር። ቴክሳስ ብቻዋን ብትቀር ኖሮም ኬኔዲ ፕሬዝዳንት ይሆኑ ነበር! የጆንሰን ጥቅም ካለ ያለው ከቴክሳስ ሰፋ ባለ ነገር ላይ ነው። ለካቶሊኩ የሰሜን ልጅ ልባቸው ላልከፈተ የደቡብ ዲሞክራቶች «ይሄ ልጅ እናንተንም ቆጥሯችኋል» የሚል መልእክት ነበሩ። ከቴክሳስ መምጣታቸው የዚያ መልእክት አንዱ ክፍል ነው እንጂ ሙሉው አይደለም።

ካላመናችሁኝ የባይደንንና የዲክ ቼኒን ምርጫ ተመልከቱ። የባይደን ደላዌር ሦስት የወኪል ድምፅ ነው ያላት። የቼኒ ዋዮሚንግም ሦስት። ሁለቱም ግዛቶች ማንን እንደሚመርጡ ከዓመት በፊት ይታወቃል። ለሦስት ድምፅ ብሎ ያውም በእጁ ላለ ሦስት ድምፅ ምክትል የሚመርጥ የለም። ኦባማ ገና የአንድ ዘመን እንኳ ያልጨረሱ ሴናተር ነበሩ፤ ባይደን በሴኔት ከ35 ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴውንም ይመራሉ። ታናሹ ቡሽ የግዛት አስተዳዳሪ ነበሩ፤ ቼኒ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት ያሳለፉ። በሁለቱም በኩል የተባለው ነገር አንድ ነው። «የጎደለኝን አውቃለሁ።» ይሄን ማለት ለአንድ ፖለቲከኛ ከባድ ነው። መራጭ ግን ይወደዋል።

የቼኒ ነገር ከተነሳ አይቀር አንድ ጨዋታ ልጨምር። ቡሽ ምክትል እንዲፈልጉላቸው የቀጠሯቸው ራሳቸው ቼኒ ናቸው። ፈላጊው ተፈላጊ ሆኖ ተገኘ! ችግሩ ሁለቱም የሚኖሩት ቴክሳስ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 12ኛው ማሻሻያ ደግሞ የአንድ ግዛት ወኪል መራጮች ከራሳቸው ግዛት ለሆኑ ሁለት ሰዎች ማለትም ለፕሬዝዳንቱም ለምክትሉም ድምፅ እንዳይሰጡ ይከለክላል። ስለዚህ ቼኒ ጁላይ 2000 ላይ ወደ ዋዮሚንግ ሄደው የመራጭነት ምዝገባቸውን ቀየሩ። ምርጫው በ271 ለ266 ነው ያለቀው። የቴክሳስ 32 ድምፅ ለቼኒ አይቆጠርም ቢባል ኖሮ የምክትልነቱ ወንበር ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። ያ ማሻሻያ ራሱ የመጣው በ1800 ቶማስ ጄፈርሰንና አሮን በር እኩል 73 ድምፅ አግኝተው አገሩ ግራ ከተጋባ በኋላ ነው። ምክር ቤቱ 36 ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ነው የተገላገለው። ይሄን ለሌላ ቀን እናቆየው።

አሁን ወደ ከፋው እንምጣ። ምክትል ዘመቻን ሊጠቅም የሚችለው በትንሹ ነው፤ ሊጎዳ የሚችለው ግን በብዙ ነው። ለዚህ ከ1972 የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ጆርጅ ማክገቨርን ማያሚ ቢች ላይ የዲሞክራቶች እጩ ሆኑ። እስከ መጨረሻው ሰዓት እጩነታቸውን ለማስከበር ሲታገሉ ስለነበር ምክትል የማፈላለጊያ ጊዜ አልነበራቸውም። ቴድ ኬኔዲን ጠየቁ፣ አይሆንም ተባሉ። ሌሎችንም ጠየቁ፣ አይሆንም። የስም ማስገቢያው ሰዓት እየደረሰ ነው። በመጨረሻ የሚዙሪው ሴናተር ቶማስ ኢግልተን ስልክ ተደወለላቸው። ከማክገቨርን ሰዎች አንዱ፣ ጓዳ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ኢግልተን የለም አሉ። ምርመራው ይኸው ነው። የአንድ አጭር ስልክ ጥሪ።

ጉባኤው ራሱ ምክትሉን ለማጽደቅ ሲንዛዛ አመሸ። ተወካዮች እንደ ቀልድም እንደ ቁም ነገርም የብዙ ሰው ስም እያነሱ ድምፅ ሰጡ። ማክገቨርን የሕይወታቸውን ትልቁን ንግግር ሲያደርጉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። አገሩ ተኝቷል።

ከ12 ቀን በኋላ ኢግልተን ጋዜጠኞችን ሰብስበው በጭንቀትና በድባቴ ሕመም ሦስት ጊዜ ሆስፒታል መግባታቸውን፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት መታከማቸውንም ተናገሩ። ማክገቨርን «ሺህ በመቶ» አብሬው ነኝ አሉ። ግፊቱ በረታ። የገንዘብ ለጋሾች ሸሹ፣ ጋዜጦች ይውረድ አሉ። እጩ በሆኑ በ18ኛው ቀን ኢግልተን ወረዱ። በቦታቸው የሰላም ጓድ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሳርጀንት ሽራይቨር ገቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ ሲያወራ ሕመሙ ላይ ያተኩራል። እኔ አይመስለኝም። ሰው ታሞ ይድናል፤ ኢግልተንም ከዚያ በኋላ በሴኔት ዓመታት አገልግለዋል። ማክገቨርንን የጎዳቸው «ሺህ በመቶ» የምትለዋ ቃል ናት። ዘመቻቸው የቆመው ሐቀኛ ሰው ነኝ በሚል ላይ ነበር። ታመመ የተባለን ሰው ዛሬ አቅፈው በሳምንቱ ሲያወርዱ፣ መራጩ ያየው ኢግልተንን አይደለም። ማክገቨርንን ነው ያየው። ከ50 ግዛት 49ኙን አጡ። ያለዚህም ይሸነፉ ነበር፣ ሪቻርድ ኒክሰን በጣም ይመሩ ነበር። ግን እንዲህ ተዋርዶ መሸነፍ ግድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነው ምርመራው እንዲህ የጠበቀው። በ1976 ጂሚ ካርተር ሊሆኑ የሚችሉትን ሰዎች ጊዜ ወስደው፣ አንዳንዶቹንም ፕሌንስ ጆርጂያ ያለው ቤታቸው ድረስ እየጠሩ አነጋገሩ። ዛሬ ጠበቆች ተሰብስበው የዓመታት የግብር ሰነድ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የተናገሩትን ሁሉ ያገላብጣሉ። ጥያቄዎቹ አያድርስ ነው። የትዳር ገመና ሳይቀር ይጠየቃል።

ይሁንና ሰው ሲቸኩል ይሄን ሁሉ ይረሳል። ወደ 2008 ልመልሳችሁ።

ኦባማ ዴንቨር ስታዲየም ውስጥ ትልቁን ንግግራቸውን ባደረጉ ማግስት፣ ኦገስት 29፣ ጆን ማኬን ዴይተን ኦሃዮ ላይ የአላስካዋን አስተዳዳሪ ሳራ ፔሊንን ይዘው ወጡ። ቀኑ የማኬን 72ኛ የልደት ቀን ነው። ፔሊን አስተዳዳሪ ከሆኑ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። አብዛኛው አሜሪካዊ ስማቸውን ሰምቶ አያውቅም። ማኬን ራሳቸው በልባቸው የነበሩት ጓደኛቸው፣ በዲሞክራትነት የሚታወቁት ሴናተር ጆ ሊበርማን ናቸው፤ ፓርቲው አይዋጥለትም ተብሎ ቀረ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሠራ። ይሄን መካድ አይገባም። ፔሊን ሴንት ፖል ላይ ያደረጉት ንግግር አዳራሹን አቃጠለው። ቀዝቅዘው የነበሩ ወግ አጥባቂዎች ተነሡ። ከጉባኤው በኋላ ማኬን በአንዳንድ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች እስከ መምራት ደርሰው ነበር። ከዚያ ሴፕቴምበር 15 ትልቁ ባንክ ሌማን ብራዘርስ ከሰረ። ኢኮኖሚው ተንኮታኮተ። በዚሁ መሃል ፔሊን ከጋዜጠኛዋ ኬቲ ኩሪክ ጋር ቁጭ አሉ። ኩሪክ ምን ምን ጋዜጣ ያነባሉ ብላ ጠየቀች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ወጥመድ አይደለም። የአንድ ጋዜጣ ስም መጥራት ይበቃል። ፔሊን «ሁሉንም» አሉ። የአንዱንም ስም አልጠሩም። ከዚያ በኋላ የኮሜዲ ፕሮግራሞች ሥራ አላጡም።

ኦክቶበር 2 ፔሊንና ባይደን ሴንት ሉዊስ ላይ ሲከራከሩ 70 ሚሊዮን ገደማ ሰው አየው። በዚያ ዓመት ኦባማና ማኬን ካደረጓቸው ሦስት ክርክሮች አንዱም ይህን ያህል ተመልካች አላገኘም። ሚዜው ሙሽራውን ሲጋርድ ይሄን ይመስላል።

ለኔ የዚያ ዘመቻ ቁልፉ ግን ሌላ ቀን ነው። ኦክቶበር 19። ኮሊን ፓወል፣ ሪፐብሊካን፣ የቀድሞ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም፣ የማኬን የረጅም ጊዜ ወዳጅ፣ በቴሌቪዥን ቀርበው ኦባማን እመርጣለሁ አሉ። ስለ ፔሊን ሲያነሱ ለፕሬዝዳንትነት ዝግጁ ናቸው ብዬ አላምንም አሉ። ቀጥለውም ይሄ ስለ ማኬን የማመዛዘን ችሎታ ጥያቄ ፈጥሮብኛል አሉ። አያችሁ? ዐረፍተ ነገሩ የተጀመረው በፔሊን ነው። ያረፈው ማኬን ላይ ነው። ማኬን ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ሲዘምቱ የነበረው «ኦባማ ልምድ የለውም» እያሉ ነው። መሣሪያቸውን በገዛ እጃቸው አስረከቡ።

ዕድሜ ሲጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። 72 ዓመት የሞላው እጩ ምክትል ሲመርጥ ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ሒሳብ ይሠራል። እስካሁን ፕሬዝዳንቱ ሞቶ ወይም ለቆ ዘጠኝ ምክትሎች ወንበሩን ወርሰዋል። ከሁሉ የሚያስገርመኝ 1944 ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጤናቸው ተዳክሟል። ሕዝቡ በደንብ አላወቀም፤ የፓርቲው ሰዎች ግን ያውቃሉ። ሺካጎ ላይ ምክትሉን ሄንሪ ዋላስን አውርደው ሃሪ ትሩማንን ሲያስገቡ ብዙዎቹ ቀጣዩን ፕሬዝዳንት እየመረጡ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ትሩማን በምክትልነት የቆዩት 82 ቀን ነው። ስለ አቶሚክ ቦምቡ ሥራ የተነገራቸው ራሱ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ በኋላ ነው።

እስካሁን «ጉድለት ማሟላት» የሚለውን መንገድ ነው ያየነው። ወጣት ከሆንክ ሽማግሌ፣ ሰሜን ከሆንክ ደቡብ። ዶናልድ ትራምፕ በ2016 ማይክ ፔንስን የመረጡት በዚሁ መንገድ ነው። ሦስት ጊዜ ያገቡት የኒው ዮርክ ባለሀብት ከጎናቸው ጸሎተኛ የኢንዲያና አስተዳዳሪ አቆሙ። ወንጌላውያኑ መልእክቱ ደረሳቸው።

ቢል ክሊንተን ግን በ1992 ይሄን ደንብ ገልብጠው ጣሉት። እሳቸው 45 ዓመታቸው፣ የአርካንሶ ሰው። የመረጧቸው አል ጎር 44 ዓመታቸው፣ የጎረቤት ግዛት የቴነሲ ሰው። ሁለቱም ደቡብ፣ ሁለቱም ባፕቲስት፣ ሁለቱም ለዘብተኛ። ምን አሟላ? ምንም። ግን ከጉባኤው በኋላ ከነሚስቶቻቸው አውቶቡስ ላይ ወጥተው በትንንሽ ከተሞች ሲዞሩ፣ ሥዕሉ ያለ ንግግር ተናገረ። ሪፐብሊካኖች 12 ዓመት ገዝተዋል፤ አዲስ ትውልድ መጥቷል። የክሊንተን ዘመቻ ለማለት የሚፈልገው ይሄንኑ ነበር። እኔ እንደውም ከጉድለት ማሟላቱ ይልቅ ይሄኛው መንገድ ይበልጥብኛል። ድፍረት ይፈልጋል፣ ዘመቻህ ምን እንደሆነ ማወቅን ይፈልጋል።

የትራምፕ የ2024 ምርጫም ከዚህ ወገን ነው። ጄዲ ቫንስ 39 ዓመታቸው ነበር፤ የመጡት ከኦሃዮ፣ ሪፐብሊካኖች ከማይሰጉባት ግዛት። አዲስ መራጭ ለመሳብ የተመረጡ አይመስሉም። ትራምፕ የመረጧቸው እንደሚያሸንፉ ተማምነው ነው፤ ወራሽ ሾሙ ማለት ይቀላል። በስድስተኛው ቀን ባይደን ከውድድሩ ወጡ፤ ጨዋታው ተቀየረ።

በባይደን ቦታ የገቡት ምክትላቸው ካማላ ሃሪስ ሌሎች ወራት የሚወስዱበትን ሥራ በ16 ቀን ጨረሱ። መጨረሻ ላይ ከቀሩት መካከል የፔንሲልቬንያው አስተዳዳሪ ጆሽ ሻፒሮና የሚኒሶታው ቲም ዋልዝ ነበሩ። ፔንሲልቬንያ 19 ድምፅ አላት፤ ወደየትኛው ፓርቲ እንደሚሄዱ ከማይታወቁት ወሳኝ ግዛቶች ሁሉ ወሳኝ ናት። ዋልዝ ተመረጡ። ኦገስት 6 ፊላዴልፊያ ላይ ዋልዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሃሪስ ጋር መድረክ ሲወጡ፣ ቀድመው ሕዝቡን ያሟሟቁት ያልተመረጡት ሻፒሮ ናቸው። በገዛ ግዛታቸው። ሰውየው እንዴት እንደቻሉት እንጃ፣ ንግግራቸው ግን እሳት ነበር።

ሃሪስ ፔንሲልቬንያን ከሁለት በመቶ ባነሰ ልዩነት አጡ። በማግስቱ «ሻፒሮን ቢይዙ ኖሮ» የሚል ጸጸት አገሩን ሞላው። እኔ አልገዛውም። ያጡት ፔንሲልቬንያን ብቻ አይደለም፤ ሰባቱንም ወሳኝ ግዛቶች ነው። ሻፒሮ ፔንሲልቬንያን ቢያመጡላቸው እንኳ 226 የነበረው 245 ይሆናል። አሁንም አይደርስም። ደግሞም ካርታውን አስታውሱት። ቴክሳስን ያላመጣ ቤንትሰን፣ ዊስኮንሲንን ያላመጣ ራያን። የሃሪስ ችግር ኑሮ ውድነትና ከባይደን ራሳቸውን መለየት አለመቻላቸው ነበር። ይሄን ማንም ምክትል አይፈታውም።

ንግግሬ እዚህ ላይ ነበር ያበቃው። ከጥያቄዎቹ አንዷን ግን ልጨምር። አንድ ከኋላ የተቀመጡ አባት ተነሥተው «ልጄ፣ የምክትሎቹ ክርክርስ? እሱም ከንቱ ነው ልትል ነው?» አሉኝ። ሳቅ ሆነ።

አባቴ፣ ከንቱ አልልም፤ ግን ይሄን ይስሙኝ አልኳቸው። ኦክቶበር 5፣ 1988፣ ኦማሃ። ዳን ኩዌል 41 ዓመታቸው ነው፤ ታላቁ ቡሽ ለምክትልነት ከመረጧቸው ጀምሮ «ልጅ ነው፣ አልበሰለም» ሲባሉ ከርመዋል። የልምዳቸው ጉዳይ ሲነሳ፣ ጆን ኬኔዲ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ የነበራቸውን ያህል የምክር ቤት ልምድ አለኝ አሉ። ቤንትሰን ዘወር አሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው የረጋ። ጆን ኬኔዲን በቁልምጫ ስማቸው ጃክ ብለው ጠሯቸው። «ሴናተር፣ ከጃክ ኬኔዲ ጋር ሠርቻለሁ። ጃክ ኬኔዲን አውቀዋለሁ። ጃክ ኬኔዲ ጓደኛዬ ነበር። ሴናተር፣ አንተ ጃክ ኬኔዲ አይደለህም።» አዳራሹ ፈነዳ። ኩዌል አፋቸው ተያዘ። ይሄ አይባልም ነበር፣ ሴናተር፣ ብቻ አሉ።

በምክትሎች ክርክር ታሪክ ከዚህ የበለጠ ምት የለም። ዛሬም ይጠቀሳል። ከዚያ በኋላ በወሩ ምርጫው ተካሄደ። ቡሽና ኩዌል 426፣ ዱካኪስና ቤንትሰን 111።

ልብ ብለው ከቆጠሩት ግን የዱካኪስ 112 መሆን ነበረበት። ከዌስት ቨርጂኒያ ወኪሎች አንዷ አሠራሩ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ለማሳየት ብለው ድምፃቸውን ገልብጠው ሰጡ። ለፕሬዝዳንትነት ቤንትሰንን፣ ለምክትልነት ዱካኪስን።

አባትየው ትንሽ አሰቡና «አንድም ቢሆን ድምፅ ነው» ብለው ተቀመጡ።